የተግባር ፈተናና የተማሪው እጅ፦ በጅማ የነርሲንግ ትምህርት ላይ የቀረበ ምልከታ

በ1983 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህም መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በመሆኑ፣ የነርሲንግ ተማሪው የሚመዘነው በወረቀት ላይ በሚጽፈው ብቻ ሳይሆን በእጁ በሚሠራውም ጭምር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ምዘና የሚያገለግለው፣ የሕክምና ትምህርት ባለሙያው ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በ1975 በስኮትላንድ ዳንዲ ያስተዋወቁት፣ በተለምዶ «ኦስኪ» የሚባለው ፈተና፣ ተማሪዎች ደወል በተደወለ ቁጥር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በየጣቢያው አንድ ተግባር የሚፈጽሙበት፣ ፈታኙም በመመዘኛ ዝርዝር ላይ ምልክት የሚያደርግበት ሥርዓት ነው።

ደወሉ ሲሰማ፣ ያለ ሰው ፈቃድ የሚሠራው ሲምፓተቲክ የነርቭ ክፍል ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን እንዲመነጭ ስለሚያደርግ፣ በሰከንዶች ውስጥ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልባል፣ የጣቶች ደም ስሮችም ይጠባሉ። ኮርቲሶል የተባለው ሌላው ሆርሞን ግን ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ላብ ያራሰው መዳፍ ጓንት አልገባ ይለዋል፤ ወደ ደም ስር የሚገባው ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) ጫፍ ደም ስሩ ላይ ሳያርፍ ይወዛወዛል፤ የበሽተኛውን የልብ ምት የሚቆጥረው ተማሪም የገዛ ጣቱን ትርታ ሊቆጥር ይችላል።

በጅማ ዞን ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ቡና የዕለት ኑሮ አካል ስለሆነ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ካፌይን አድሬናሊንን ስለሚጨምርና ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ጠዋት ከወትሮው አብልጦ የጠጣ ተማሪ መንቀጥቀጡ ሊብስበት ይችላል፤ ሆኖም የለመደ ሰው በፈተና ዋዜማ ቡና ቢተው ራስ ምታት ሊይዘው ስለሚችል፣ «ቡና አትጠጡ» የሚለው የተለመደ ምክር የሚመስለውን ያህል ጥበብ የለበትም። ለሌሊት ጥናት የሚቃመው ጫትም በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ በተለያዩ ጣቢያዎች ስለሚጀምሩ፣ አንዱ የበሽታ ታሪክ በመጠየቅ ሲጀምር ሌላው በመርፌ ይጀምራል፤ ድንጋጤው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይበረታል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸውም ሸክማቸው እኩል አይሆንም። መመዘኛ ዝርዝሩ «ካኑላውን በአንድ ሙከራ አስገብቷል» ብሎ ሲጠይቅ የተንቀጠቀጠን እጅ ካልሠለጠነ እጅ አይለይም። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ ከመዞሩ በፊት ነጥብ የማይያዝበት አንድ ቀላል ተግባር፣ ለምሳሌ እጅ መታጠብና ጓንት ማጥለቅ፣ እንዲፈጽም ማድረግ ይበጃል፤ ወጪውም ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ጓንት ብቻ ነው።