«መጋራት» በማኅደረ ትውስታ ታሪክ

የድር አገልጋይ የብዙ ደንበኞችን ጥያቄ የሚያስተናግደው ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን በሚሠሩ ሂደቶች አማካይነት ነው። ሂደቶቹ ማኅደረ ትውስታን «ይጋራሉ» ተብሎ በአማርኛ ሲተረጐም፣ ይህ አንድ ግሥ በታሪክም በጠባይም የተለያዩ ሁለት ነገሮችን ሸፍኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ከሂደት አወላለድ ጋር የተያያዘ ነው። በቤል ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ፣ ወላጅ ሂደት ልጅ በወለደ ቁጥር የወላጁን ማኅደረ ትውስታ ይገለብጥ ነበር። በ1972 በታተመ ጽሑፍ የተገለጸው ቴኔክስ ግን ገጾቹን በጋራ አቆይቶ፣ አንዱ ሲጽፍባቸው ብቻ ለጸሐፊው ግልባጭ ያወጣ ነበር። ይኸው ዘዴ በኋላ ወደ ዩኒክስ ቤተሰብ ገባ። በ1995 የወጣውና ልጆቹን አስቀድሞ ወልዶ ጥያቄ የሚጠባበቀው አፓቼ ከዚሁ ተጠቅሟል። በዚህ ዓይነቱ መጋራት እያንዳንዱ ሂደት ገጹን የግሉ አድርጎ ያየዋል።

ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። በ1983 የወጣው ሲስተም ፋይቭ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያይበትን የማኅደረ ትውስታ ክፍል አካትቶ ነበር። የአፓቼ ልጆች በሥራ ላይ መሆን አለመሆናቸውን የሚመዘግቡበት ሰሌዳ በእንዲህ ያለ ስፍራ ይቀመጣል፤ በ2004 ለሕዝብ የቀረበው ኤንጂን ኤክስም የመሸጎጫውን ማውጫ ለሠራተኛ ሂደቶቹ የሚያኖረው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊዎች እንዳይጋጩ ብዙውን ጊዜ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ለምሳሌ 50 ልጅ ሂደቶች እያንዳንዳቸው 40 ሜጋባይት ቢያሳዩና ከዚህ ውስጥ 30ው ለሁሉም አንድ ቢሆን፣ ድምሩ 2000 ይመስላል፤ እውነተኛው ፍጆታ ግን 530 ነው። ማዕድ የተጋሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን እንደሚያነሡ ሁሉ፣ «ተጋሩ» የሚለውን ያነበበ ባለሙያም ማኅደሩ የተከፋፈለ መስሎት ሊደምር፣ ወይም ቁልፍ የማያስፈልገው መስሎት ሊሳሳት ይችላል።

ስለዚህ ለሁለተኛው «የወል ማኅደረ ትውስታ» እንዲባል እናቀርባለን፤ «የወል ስም» ከሚለው የሰዋስው አጠራር «ወል» ለብዙዎች የሚሆን አንድ ነገር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ያውቃልና። ለመጀመሪያው «እስኪጻፍበት የጋራ ገጽ» እንላለን። «ተገልባጭ ገጽ» ማለቱ ያጥር ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ «ገልባጭ» የሚባለውን የጭነት መኪና ያስታውሳል።