ከግንቡ ውጭ የኖረ ፊት፤
የሥጋ ደዌ፣ የአፍንጫና የራስ ቅል ነርቮች ነገር በሐረር

ጁገል የሚባለው የሐረር ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን፣ ከተማይቱን ከጥቃት ለመጠበቅ የታነጸ ነው። በአምስቱ በሮቹ ነጋዴና ገበሬ፣ ተማሪና መንገደኛ ለዘመናት ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። ይህም የሐረር ብቻ ልማድ አልነበረም፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም የሕሙማኑ መጠለያ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ በር ውጭ ይሠራ ነበር። ሰው በሽተኛውን ከጤነኛው የሚለየው ከሁሉ በፊት በፊቱ ስለ ነበረ፣ ፊት እንዴትና ለምን እንደሚለወጥ ማወቅ የዚህን መንደር ታሪክ ለመረዳት ግድ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ራስ መኰንን ሐረርን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ የካፑሲን ማኅበር ሚሲዮናውያን በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። በኋላም ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ዣን ፌሮን ሕሙማኑን በመርዳት ለብዙ ዓመታት ደከሙ። «ገንደ ፌሮን» የሚለው የሰፈር ስም የእርሳቸው መታሰቢያ ነው፤ «ገንደ» በኦሮምኛ መንደር ማለት ነውና።

የበሽታውን ተሕዋስ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶት ነበር። ተሕዋሱ ቀዝቀዝ ያለ ገላ እንደሚስማማው በሚገባ የተረጋገጠው ግን ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ሼፐርድ በአይጥ የእግር መዳፍ ላይ ሊያራባው የቻለው ይህን ጠባዩን ተከትሎ ነበር። ከፊት ክፍሎች ደግሞ ዘወትር በሚተነፈስ አየር እንደሚቀዘቅዘው እንደ አፍንጫ ያለ የለም። ስለዚህ ተሕዋሱ በበዛባቸው ሕሙማን ዘንድ የአፍንጫው ውስጠኛ ሽፋን ቀድሞ ይታመማል፤ ይታፈናል፣ ይደማል፣ ቅርፊት ይይዛል። በሽተኛው ግን ጉንፋን ነው ብሎ ይተወዋል። ጕዳቱ እየጠለቀ ሲሄድ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ልም አጥንት ይበሳል፤ ድጋፉን ያጣው የአፍንጫ ድልድይም ይሰምጣል። በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍሎች፣ ማለት ሳይነሶች፣ ከዚሁ ሽፋን ጋር ስለሚያያዙ ከሕመሙ አያመልጡም።

አጥንት የዚህን ምስክርነት ለብዙ መቶ ዓመታት ይዞ ይቆያል። ዴንማርካዊው ሐኪም ቪልሄልም ሞለር ክርስቴንሰን በኔስትቬድ ከተማ አጠገብ ያለውን የመካከለኛው ዘመን የሕሙማን መቃብር ቈፍሮ የራስ ቅሎቹን በመረመረ ጊዜ፣ ከአፍንጫ ሥር ያለችው ትንሿ የአጥንት እሾህ ተበልታ፣ የላይኛው የፊት ጥርሶች መቀመጫም ሳስቶ አገኘ። ከግንብ ውጭ የተቀበሩት ሰዎች የተሸከሙት ሕመም በዚህ ታወቀ።

ከአፍንጫው ይልቅ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን በነርቮች ላይ ነው። ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ የፊት ነርቭ፣ ከመስሚያው ነርቭ ጋር ወደ ጆሮ አጥንት ይገባል፤ በመካከለኛው ጆሮ አጠገብ በጠባብ የአጥንት ቦይ ያልፍና ከጆሮ በታች ይወጣል፤ ከዚያም በፊት ጡንቻዎች ላይ ይበተናል። ነርቩ በቦዩ ውስጥ ሲያብጥ የፊት ግማሽ በሙሉ ይሰንፋል። በሥጋ ደዌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሞቃቱ አጥንት ውስጥ ያለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጐዳው ጉንጭ አጥንትን ተሻግሮ ከቆዳ ሥር ወደ ዓይን ሽፋን የሚሄደው ቅርንጫፍ ነው። በዚህም ዓይን መከደን ያቅተዋል። አምስተኛው ነርቭም በተጎዳ ጊዜ የዓይን ብሌን ሽፋን መደንዘዝ ይጀምራል። የማይከደንና አቧራ የማይሰማው ዓይን ቀስ በቀስ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ይታወራል። እጁና እግሩ አስቀድመው ለደነዘዙበት ሰው የዓይን ብርሃን የመጨረሻው መሪው ስለ ሆነ፣ ይህ ጉዳት ከሁሉ የከበደ ነው።

የሐረር ሕሙማን ኑሮ ከአገር ውጭ ልብ የነካው በ1950ዎቹ ነው። የዶክተር ፌሮን ጥሪ በተሰማ ጊዜ ሄርማን ኮበርና ወዳጆቹ እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን አገር፣ በቩርትስቡርግ ከተማ፣ የእርዳታ ድርጅት መሠረቱ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ከሐረር በስተምሥራቅ የሚገኘው የቢሲዲሞ የሕክምና ማእከል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒቶች ጥምር ሕክምና እንዲሰጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመከረ በኋላ ኢትዮጵያም ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ1983 ጀመረች።

የቀዶ ጥገና ጥበብም የነርቮቹን ካርታ ተከትሎ መፍትሔ አግኝቷል። በሰሌን አጠገብ ያለው የማኘኪያ ጡንቻ የሚታዘዘው በሰባተኛው ሳይሆን በአምስተኛው ነርቭ የማንቀሳቀሻ ቅርንጫፍ ስለሆነ የፊት ነርቭ ቢሰንፍም ይሠራል። ሐኪሙ ከዚህ ጡንቻ ቁራጭ ወስዶ ከዓይን ሽፋን ጋር ያያይዘዋል፤ በሽተኛውም ጥርሱን ሲያነክስ ዓይኑ ይከደናል።

ሆኖም መድኃኒት ተሕዋሱን ይገድላል እንጂ የሞተውን ነርቭ አያስነሣም። ነርቭ መድከም በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን ቢሰጥ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። በሽተኛውን እንደ ተኛ ሰው ቀስ ብሎ ዓይኑን እንዲጨፍን ማዘዝ፣ አፍንጫውን በብርሃን ማየት፣ የጆሮውን ታችኛ ለስላሳ ክፍል መዳሰስ፣ ከጆሮ በታች በአንገት ላይ ያበጠ ነርቭ መኖሩን መፈተሽ፤ ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። የጁገልን ውጭ መንደር የሞላው የፊት መበላሸት በጊዜው ቢታይ ኖሮ ብዙው ሊቀር የሚችል ነበር። ዛሬ ስለ አፍንጫው መታፈን ብቻ ሊያማክር ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ዓይኑና ቤቱ የሚተርፉለት ያ አጭር ምርመራ ሲደረግለት ነው።