ዕድል ያለበት ሰፈር፦ የከተማ መልሶ ማልማትና የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪው ቤት በኢትዮጵያ ታሪክ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን መቶ ዓመት የሚያህል ታሪክ መፈተሽ ይጠይቃል። ከተማ ሲታደስ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ የት ይሄዳል? እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የከተማ ፕላን ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ከእኔ ንድፍ አትጠብቁ። የምችለው የተሄደበትን መንገድ ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ደጋግሜ ስለምጠቀምበት ቃል ልናገር። «ዕድል ያለበት ሰፈር» ስል ሥራ በእግር የሚደረስበትን፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በአቅራቢያ ያለበትን፣ ገበያው የማይርቅበትን፣ ሰው ሲቸግረው የሚጠራው ጎረቤት የሚያገኝበትን ቦታ ማለቴ ነው። በዚህ ትርጉም የተጎሳቆለ ሰፈር ዕድል ያለበት፣ አዲስ የተሠራ ሰፈርም ዕድል የራቀው ሊሆን ይችላል። የቤቱ ጥራትና የቦታው ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የቦታን ዋጋ ለመረዳት ከክልላችን ሳንወጣ አንድ ሰነድ እንመልከት። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ለመስጠት ተስማሙ። በውሉ መሠረት የመሬቱ የወንዝ ዳር ርዝመት ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጋምቤላ ከተማ የንግድ ጣቢያነት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያን ያህል ትንሽ መሬት በሁለት መንግሥታት ውል ውስጥ ስሙ የተጠራው ለምንድን ነው? ባሮ በክረምት ጀልባ ስለሚያሳልፍ፣ የኢትዮጵያም ቡና በሱዳን በኩል ሊወጣ ስለሚችል ነው። የተፈለገው መሬቱ ራሱ ሳይሆን የሚያገናኘው ነገር ነበር። በከተማ ያለ ድሃም መሬትን የሚያየው እንደዚሁ ነው። የቤቱን ግድግዳ ከሚያይ ይልቅ ቤቱ ከምን ጋር እንደሚያገናኘው ያያል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። አዲስ አበባን የማነሣው የሁሉ ከተማ አርአያ ትሁን ለማለት አይደለም፤ ሌሎቹ ከተሞቻችን ገና የሚደርሱበትን እርሷ አስቀድማ ስላለፈችበት ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጦር ሰፈር መልክ ነበራት። መኳንንቱ ቦታ ተመርተው በየኮረብታው ላይ ሰፈሩ፤ ወታደራቸው፣ አሽከራቸውና ባለሙያቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያን ዘመን አሰፋፈር ይነግሩናል። ባለጸጋና ድሃ አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። ይህ ጉርብትና የእኩልነት ምልክት አልነበረም፤ ጌታና ሎሌ ስለነበሩ ተጠጋግተው ኖሩ። ሆኖም ውጤቱ ድሃው ከሥራው፣ ከገበያውና ከደብሩ ሳይርቅ እንዲኖር አደረገው።

ይህን አሰፋፈር በፕላን ለማፍረስ የመጀመሪያውን ትልቅ ሙከራ ያደረገው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ነው። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እንኳ በ1928 ዓ.ም. የነባሩን ከተማ ሕይወት ከቁም ነገር ያልቆጠረ የአዲስ አበባ ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር። ሥራው የተሰጣቸው ግን ጊዲና ቫሌ የተባሉት የኢጣሊያ አርክቴክቶች ናቸው። ፕላናቸው ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ «የአገሬው ገበያ» ተባለ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ማለት ነው። በዙሪያው ለአገሬው ሰው የተከለለው ሰፈርም አዲስ ከተማ ሆነ። ወረራው አጭር ስለነበር ፕላኑ ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም። የተወልን ትምህርት ግን አለ። ሰውን ከማዕከል ለማራቅ ግንብ መሥራት አያስፈልግም፤ ገበያውን ማዛወር ይበቃል።

ከነጻነት በኋላም ፕላን አልጠፋም። የለንደንን ፕላን ያወጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ፕላን አቀረቡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ይሁንና በፕላኖቹ ሥር የነበረው የመሬት ሥሪት ያው ነበር። ሰፊው የከተማ መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ሲሆን፣ አብዛኛው ሕዝብ በጭቃ ቤት የሚኖር ተከራይ ነበር።

ይህ ሥሪት በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገለበጠ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ እንዲይዝ ተወሰነ። የኪራይ መጠን ተቀነሰ፤ ቅናሹም በዝቅተኛው ኪራይ ላይ የበለጠ ነበር። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ።

ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተጽፏል። ከወራሽ ወገን የተነገረው ምሬት አለ፤ ከተከራይ ወገን የተነገረው እፎይታም አለ። እኔ ላተኩርበት የምፈልገው ብዙም ያልተነገረውን ውጤት ነው። አዋጁ በፒያሳ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በአራት ኪሎ ይኖር የነበረውን ድሃ ባለበት አጸናው። በአንድ በኩል ቤቱ አረጀ፤ ጥቂት ብር የምትሆነው ኪራይ ጣራ ለማደስ አትበቃም፣ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይችልም ነበር፤ መጸዳጃው የብዙ ቤተሰብ የጋራ ሆነ። በሌላ በኩል እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ ጫማ የሚያድሰው፣ የመሥሪያ ቤት ተላላኪው ከከተማይቱ እምብርት ሳይነሡ ልጅ አሳደጉ። ማንም ሳያቅደው የቀበሌ ቤት ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ዕድል ባለበት ሰፈር ያቆየ ትልቁ የቤት ፕሮግራማችን ሆነ።

ከዚያ የመሬት ዋጋ ተመለሰ። አዋጅ ቁጥር 80/1986 የሊዝን ሥርዓት ጀመረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ፤ ከተሞች ግን የመጠቀም መብቱን በሊዝ እያስተላለፉ ገቢ ያገኙ ጀመር። ከዚህ ወዲህ በማዕከል ያለ እያንዳንዱ የቀበሌ ቤት በሁለት ዓይን የሚታይ ሆነ። ለነዋሪው ኑሮ ነው፤ ለከተማው አስተዳደር ደግሞ ሊሸጥ የሚችል፣ ነገር ግን ምንም የማያስገባ ቦታ ነው። በሁለተኛው ዓይን የሚያየውን ክፉ ማለት ተገቢ አይደለም። መንገድ፣ ውኃና ፍሳሽ የሚሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። ሰፈሮቹም መታደስ ነበረባቸው፤ በዝናብ የሚያፈስ ጣራ ቅርስ አይባልም።

በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አስቀድሞ ወጥቶለታል። ቤቱ በዕጣ ይተላለፋል፤ ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ። በ20/80 መርሐ ግብር ባለዕድሉ 20 በመቶ ከፍሎ የቀረውን በባንክ ብድር ይከፍላል። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ሲካሄድ የተመዘገበው ሕዝብ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። በአፍሪካ ውስጥ በዚህ መጠን ለቤት ችግር እጁን የዘረጋ መንግሥት ጥቂት ነው፤ ይህን ሳይመሰክሩ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም።

ነገር ግን ትላልቆቹ ሳይቶች የት ተሠሩ? ጀሞ፣ የካ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፤ ሁሉም በከተማይቱ ጫፍ። መሬቱ እዚያ ርካሽ ነው። በዚያው ዘመን ልደታን የመሰሉ የማዕከል ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ፈረሱ። የቀበሌ ተከራዩ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ተደረገ። ኮንዶሚኒየም የመረጠ ብዙ ሰው ቅድሚያ ክፍያውን ለማግኘት ተበደረ፤ ወርኃዊ ክፍያው ሲከብደው ቤቱን አከራይቶ እርሱ ርካሽ ወደሆነበት ሄደ። በሰነድ ባለቤት ሆኖ በኑሮው ተከራይ ሆኖ ቀረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም አያትንና ቃሊቲን ሲደርስ ኮዬ ፈጬንና አራብሳን አልደረሰም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲነሡ፣ ከተነሡት ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። አዲሱ ቤታቸው ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን ማንም አይክድም። እኔ የምጠይቀው ከቤቱ ደጅ ወጥተው ምን እንደሚያገኙ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሣን ያሰላው በመሬቱ ላይ በሰፈረው ንብረት ነው። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማኅበራዊ ትስስር መቋረጡም ካሣ የሚገባው ጉዳት መሆኑን ተቀበለ። ይህ በሕግ ታሪካችን ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዕድር ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ እንዳለው ሀብት ተቆጠረ ማለት ይቻላል። የካሣው መነሻ ግን አሁንም ይዞታ ነው። በአንድ ግቢ ሦስት ዓይነት ሰው ይኖራል፤ ባለይዞታ፣ የቀበሌ ተከራይና ደባል። ባለይዞታው በሕግ ይታያል። የቀበሌ ተከራዩ በአስተዳደር ውሳኔ ይታያል። ደባሉ፣ ብዙ ጊዜም ከሦስቱ ድሃው እርሱ ነው፣ ከመዝገብ ውጭ ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ ዓለም አንድ ማነጻጸሪያ ላንሣ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአምስት ትላልቅ ከተሞች ወደ 4600 የሚሆኑ ድሃ ቤተሰቦችን ያሳተፈ ጥናት አካሄደ። ከእነዚህ በዕጣ የተለዩት ድህነት ወደማይበዛበት ሰፈር እንዲሄዱ የኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው። በወላጆች ገቢ ላይ የታየው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ የልጆቹን ገቢ ሲመረምሩ፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ካልተዛወሩት ይልቅ 31 በመቶ ያህል የሚበልጥ ገቢ እንዳላቸው አገኙ። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተዛወሩት አልተጠቀሙም። አሜሪካ ሌላ ኢትዮጵያ ሌላ ነው፤ ቁጥሩን ገልብጦ ማምጣት አይገባም። ነገር ግን ሰፈር በልጅ ላይ ቀስ እያለ የሚሠራ ኃይል መሆኑን፣ መዛወርም ራሱ ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ንጽጽሩ የኛን ታሪክ ግራ ገጽታ ያወጣዋል። እነርሱ ድሃውን ዕድል ወዳለበት ሰፈር ለማስገባት ገንዘብ አፈሰሱ። የኛ ድሃ ግን በመጥፎ ቤት ውስጥም ቢሆን ዕድል ባለበት ሰፈር ይኖር ነበር፤ እኛ የተሻለ ቤት ሰጥተን ከዕድሉ አራቅነው። ሊታደስ የሚገባው ቤቱ ሆኖ ሳለ የለወጥነው አድራሻውን ነው።

ይህ ለመቲ ምን ይነግራታል? መቲ የመዠንግር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ወደ ጎን ያለ ገደብ መስፋት የማትችል ከተማ ናት፤ ወደ ደኑ የሚገፋ እያንዳንዱ ድሃ ሰፈር ለነዋሪውም ለደኑም ጉዳት ነው። እዚህ ጥያቄው ገና ማፍረስ ሳይሆን ማደል ነው። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቦታ ለማን ይሰጣል? የቡና ለቃሚው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ከቀደምት ነዋሪዎቹ ከመዠንግር ወገን ወደ ከተማ የሚገባው ወጣት የት ይኖራል? የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በፕላን ዝግጅት የነዋሪው ተሳትፎ እንዲኖር ያዝዛል። ተሳትፎውን ፕላኑ ካለቀ በኋላ ለማጨብጨብ ከመጠራት የሚለየው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ማንሣት ነው።

ከታሪኩ የማወጣቸው ትምህርቶች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ቦታ ከመነካቱ በፊት ሰው ይቆጠር፤ ደባሉም ጭምር። ሁለተኛ፣ በማዕከል ከሚሠራው ቤት የተወሰነው ክፍል ለኪራይ ይለይ፤ ሁሉን ቤት ለሽያጭ ማድረግ ቅድሚያ ክፍያ የሌለውን ሰው ከመጀመሪያው ያስወጣዋል። ሦስተኛ፣ መዛወር የግድ ከሆነ ትምህርት ቤት፣ ውኃና ትራንስፖርት ከሰው ይቅደሙ፤ ጊዜውም የትምህርት ዘመኑን የሚያቋርጥ አይሁን። አራተኛ፣ ዕድርተኛ ከዕድርተኛው ጋር በአንድ ብሎክ ይግባ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ሕዝብ የሚለውን ያውቃል።

ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ጥቂቶቻችሁ ነገ በከተማ አስተዳደር ውስጥ ካርታ ፊት ትቀመጣላችሁ። ካርታው ላይ መንገዱ በመስመር፣ አረንጓዴው በቀለም፣ ሕንፃው በቁጥር ይታያል። ደባሉ አይታይም። እርሱን በካርታው ላይ የሚያስገባው የእናንተ ጥያቄ ነው።