ኤም-ፔሳ ከየት መጣ? የአንድ ፈጠራ ታሪክ እንደገና ሲነበብ



ስለ ቴክኖሎጂ ሥራ ፈጠራ ስናስተምር የለመድነው አንድ ትረካ አለ። አንድ ብሩህ ወጣት ይነሣል፤ ሌላው ያላስተዋለውን ችግር ያስተውላል፤ በጥቂት ገንዘብ ኩባንያ ይመሠርታል፤ መንግሥትም ከመንገዱ ገለል ይልለታል። ወደ ታዳጊ አገሮች ስንመጣ ለዚህ ትረካ ማስረጃ ሆኖ አዘውትሮ የሚጠቀሰው የኬንያው ኤም-ፔሳ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው ታሪኩ ይህን ትረካ እንደማይደግፍ ነው። ነገሩ የታሪክ ባለሙያዎች ሙግት ብቻ አይደለም። በአገራችን ለወጣቶች መነሻ ገንዘብ የሚመድበውም ሆነ ሕግ የሚያረቀው ይህንኑ ምሳሌ ያነሣል፤ ምሳሌው ከተሳሳተ ውሳኔውም አብሮ ይሳሳታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ መነሻ ናይሮቢ አልነበረም። በ2003 ኒክ ሂዩዝ የተባለ የቮዳፎን ባልደረባ፣ የብሪታንያ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ላቋቋመው የውድድር ፈንድ ማመልከቻ አቀረበ። መሥሪያ ቤቱ ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ሰጠ፤ ቮዳፎንም ተመጣጣኙን አዋጣ። ገንዘቡ ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ኩባንያ ኢምንት ነበር። ሆኖም ፈጣን ትርፍ ከሚያስገኙ ሌሎች ዕቅዶች ጋር ተወዳድሮ በኩባንያው ውስጥ ሊያሸንፍ የማይችል ሐሳብ በሕይወት የቆየው በዚህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው በእንግሊዝ አገር፣ በኬምብሪጅ ነበር። የኬንያው ሳፋሪኮምም በጊዜው አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት ነበር። ብቻውን የሚታገለውን ወጣት እዚህ ውስጥ ብፈልገው አላገኘሁትም። ሐሳቡ ከአንድ ኬንያዊ ተማሪ የተሰረቀ ነው የሚል ወሬ በኬንያ ለረጅም ጊዜ ሲነገር መቆየቱ ግን አይደንቀኝም። ትረካው ባለታሪክ ይፈልጋል፤ ሲያጣ ይፈጥራል።

ከዚህ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ቀጥሎ የሆነው ነው። ዕቅዱ ሰዎች ገንዘብ እንዲላላኩ አልነበረም። የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲቀበሉና በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሱዚ ሎኒ የተባለች ባለሙያ ኬንያ ገብታ ሥራውን መራች፤ በጥቅምት 2005 ከፋውሉ ኬንያ ከተሰኘው የብድር ተቋም ጋር በናይሮቢና በቲካ፣ በ8 ወኪሎችና 500 ያህል ደንበኞች ሙከራው ተጀመረ። ለብድር ተቋሙ ውጤቱ ራስ ምታት ሆነ። አሠራሩ የተመሠረተው አባላት በየጊዜው ተሰብስበው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ፣ ዕዳቸውን ፊት ለፊት በመክፈላቸው ላይ ነበር። በስልክ መክፈል የቻለ ሰው ለምን ስብሰባ ይመጣል? እቁብና እድር የሚያውቅ ሰው ሥጋቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ መገናኘቱ ከገንዘቡ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ደንበኞቹ ግን ሥርዓቱን ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት። ለዘመድ ገንዘብ ላኩበት፤ የሌላውን ሰው ብድር ከፈሉበት፤ መንገድ ሲወጡ በአንድ ከተማ አስቀምጠው በሌላ ከተማ አወጡበት፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጓዝ ያስፈራ ነበርና። ከዚያ በፊት የከተማ ሠራተኛ ለወላጆቹ የሚልከው በመንገደኛ እጅ ወይም በአውቶቡስ ነበር። ባለሙያዎቹ ይህን አይተው ብድሩን ትተው መላኩን ያዙ። በመጋቢት 2007 አገልግሎቱ በይፋ ሲጀመር መፈክሩ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር። እኔ ፈጠራው የተከናወነው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ የፈጠሩትም ስማቸው ያልተመዘገበ የቲካና የናይሮቢ ተበዳሪዎች ናቸው።

መንግሥትስ ገለል አለ? አላለም። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ነገሩን መርምሮ «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ደብዳቤ ሰጠ። ፈቃዱ በቅድመ ሁኔታ ነበር፦ የደንበኞች ገንዘብ በሙሉ በንግድ ባንክ በአደራ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ሳፋሪኮም ያንን ገንዘብ አያበድርም፣ አይነግድበትም። አገልግሎቱ ባንክ ሳይሆን የገንዘብ መላኪያ ሆኖ እንዲቆጠር ያስቻለው ይህ ነው። በ2008 መጨረሻ፣ ደንበኞቹ በሚሊዮን በተቆጠሩበት ጊዜ፣ ተጠባባቂው የገንዘብ ሚኒስትር ምርመራ እንዲደረግ አዘዙ፤ ከትእዛዙ ጀርባ የባንኮች ግፊት አለ ተብሎ በሰፊው ተነገረ። ማዕከላዊ ባንኩ መርምሮ ሥርዓቱ አስተማማኝ መሆኑን በይፋ አስታወቀ። ዝርዝር ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2011 ነው። አስቀድሞ የከለከለ ሕግ ቢኖር ሙከራው ባልተጀመረ ነበር፤ ያለ አደራ ሒሳቡ ደግሞ የአንድ ኩባንያ ኪሳራ የሚሊዮኖችን ገንዘብ ይዞ በጠፋ።

ስለ ወኪሎቹም ጥቂት ልበል፤ በመጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር ስለሚታለፉ። ባለ ሱቁ ሁለት ዓይነት ገንዘብ በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት፦ ጥሬውንና በስልኩ ያለውን። ከተማ ላኪ፣ ገጠር ተቀባይ ስለሆነ የገጠሩ ወኪል ጥሬ ገንዘብ ያልቅበታል፤ የከተማው ደግሞ የስልኩ። ሁለቱም ወደ ባንክ ሲመላለሱ ይውላሉ። ሥርዓቱ የቆመው በዚህ ምልልስ ላይ ነው፤ ሥራው በኮሚሽን ስለሚከፈል ድካሙን ይሸከሙታል።

ለንጽጽር ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። ያው ኤም-ፔሳ እዚያ በ2010 ተጀምሮ በ2016 ተዘጋ። ስሙ ያው፣ ባለቤቶቹም ከአንድ ቤተሰብ ነበሩ። ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ የባንክ ሒሳብ ነበረው፤ ሕጉ ከባንክ ጋር መጣመርን ያስገድድ ነበር፤ የወኪሎቹም መረብ እንደ ኬንያው አልሰፋም።

የመጨረሻው ነጥቤ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ኬንያውያን ኤም-ፔሳን የራሳቸው አድርገው በተጠቀሙባቸው ዓመታት ሁሉ የንግድ ስሙና ሥርዓቱ የቮዳፎን ንብረት ነበር፤ ሳፋሪኮም የአጠቃቀም ክፍያ ይከፍል ነበር። የሥርዓቱ ኮምፒዩተሮች እስከ 2015 ድረስ ጀርመን ነበሩ። ሳፋሪኮምና የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም ባለቤትነቱን በጋራ የገዙት በ2020 ነው፤ ማለትም ከጅማሬው 13 ዓመት በኋላ።

በእኛ አገር ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ጀምረዋል። ተማሪዎቼ «የእኛ ኤም-ፔሳ ማን ይሆን?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ በመርካቶና በየወረዳው ከተማ ያለው ተጠቃሚ ማንም ሳያዝዘው አገልግሎቱን ለምን እያዋለው ነው? ይህንንስ የሚመዘግብ ማን አለ? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያላገኛችሁ ካላችሁ ከዚህ መጀመር ትችላላችሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።