ማን ይውጣ? ማን ይቆይ?
የጋልቨስተንና የሂዩስተን የአውሎ ነፋስ ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከምትኖርበት ከተማ፣ ከሙያህ ጋር የተያያዘ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ላክልን» ሲሉኝ ርዕስ ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ከአምስት ኪሎ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ ነው። ሥራዬም የመንገድ ትራፊክ ነው። እዚህ በየዓመቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር የሀሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳው የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ወቅቱ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ሕዝቡን እናስወጣው ወይስ ባለበት ይቆይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ መልሱ ብዙ ሕይወት ያስከፈለ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከሂዩስተን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ጋልቨስተን ነው። ጋልቨስተን በቀጭን የአሸዋ ደሴት ላይ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። በ1900 ወደ 38 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ ከፍተኛው ቦታዋ ግን ከባሕር ወለል 3 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። የከተማዋ የአየር ትንበያ ኃላፊ አይዛክ ክላይን በ1891 በጋዜጣ ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ አውሎ ነፋስ ከተማዋን ክፉኛ ይጎዳል የሚለውን ስጋት አጣጥለውት ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900፣ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ውሃ ደሴቲቱን አለበሳት። ድልድዮቹ ሲሰበሩ መውጫ ጠፋ። የሟቾቹ ቁጥር ቢያንስ 6 ሺህ፣ ምናልባትም ከ8 ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል። ከሞቱት መካከል የክላይን ነፍሰ ጡር ባለቤት ይገኙበታል። እስከ ዛሬም በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሰው የጨረሰ የተፈጥሮ አደጋ የለም።

የተረፉት ምን አደረጉ? መሐንዲስ ጠሩ። ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ አሠሩ፤ ቤቶቹን በክሪክ እያነሱ ከሥራቸው አሸዋ በመሙላት ከተማዋን ራሷን ከፍ አደረጓት። በ1915 ሌላ ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግንቡ ከተማዋን አዳናት። እኛ መሐንዲሶች ይህን ታሪክ ስንወደው! ግን ግንብ ያለው ከተማ ሁሉ አይደለም፣ ግንብም ሁሉን ውሃ አይመልስም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ውሃውን ማስቆም ካልተቻለ ሰውን ማንሳት።

በ1961 «ካርላ» የተባለው ሀሪኬን ወደ ቴክሳስ ሲያመራ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ከባሕር ዳርቻው ወጣ። አውሎ ነፋሱ እጅግ ኃይለኛ ነበር፤ የሞቱት ግን ከ50 አይበልጡም። «ቀደም ብሎ ማስወጣት ያድናል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው እንዲህ ባሉ ድሎች ነው። ችግሩ ከተማዋ ባለችበት አለመቆየቷ ነው። ሂዩስተን የምትገኝበት የሃሪስ ካውንቲ በ1960 1.2 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ በ2000 ግን 3.4 ሚሊዮን ደረሰ።

ከዚያ 2005 መጣ። በኦገስት መጨረሻ «ካትሪና» ኒው ኦርሊንስን አጥለቀለቀች፤ መኪና የሌላቸው ድሆችና አረጋውያን ውሃ ውስጥ ሲቀሩ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ቆይቶ «ሪታ» የተባለችው ሀሪኬን ወደ ቴክሳስ አቅጣጫ ስትገሰግስ ታዲያ ማን ይቀመጣል? እንዲወጣ የተነገረውም ያልተነገረውም ሕዝብ አንድ ላይ ተነሳ። ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው መንገድ ላይ ወጣ።

እስቲ እንደ ተማሪነታችን ዘመን እንቁጠረው። 2.5 ሚሊዮን ሰው በአንድ መኪና በአማካይ 2.5 ሆኖ ቢጓዝ 1 ሚሊዮን መኪና ነው። አንድ የአውራ ጎዳና መስመር በተጨናነቀ ጊዜ በሰዓት 1,500 መኪና ያሳልፋል እንበል። 12 መስመር ቢኖረን 18 ሺህ መኪና በሰዓት መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት፣ አንድም ግጭት ሳይኖር፣ አንድም መኪና ነዳጅ ሳይጨርስ፣ ከ55 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እውነተኛው መንገድ ደግሞ ከስሌቱ ይከፋል። በአዘቦቱ ቀን 4 ሰዓት የሚፈጀው የዳላስ መንገድ ብዙዎችን ከ20 ሰዓት በላይ ወሰደባቸው። ማደያዎች ደረቁ። ወደ ከተማ የሚያስገቡት መስመሮች ለወጪዎች እንዲከፈቱ የተደረገውም ከረፈደ በኋላ ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ያጠፋ ነበር።

በሴፕቴምበር 23 ንጋት ላይ ከዳላስ በስተደቡብ፣ ዊልመር አጠገብ፣ የመጦሪያ ቤት አረጋውያንን የጫነ አውቶቡስ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ከኋላ ጎማው ተነሳ፤ ለሕሙማኑ የተጫነው የኦክስጅን ጋዝ አባባሰው። 23 አረጋውያን ሞቱ። ሪታ በማግስቱ የገባችው በቴክሳስና በሉዊዚያና ድንበር በኩል ሲሆን ሂዩስተንን በቀጥታ አልመታችም። በቴክሳስ ከእሷ ጋር ተያይዞ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ነፋሱና ውሃው የገደሉት ግን ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው ያለቀው ከጉዞው ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የዕቅዱ ጥያቄ ተገለበጠ። «ሰውን እንዴት እናስወጣ?» መባሉ ቀርቶ «መቆየት የሚችለውን እንዴት እናስቆየው?» ሆነ። የሙያው ሰዎች «ከውሃው ሽሽ፣ ከነፋሱ ተጠለል» ይላሉ። ሀሪኬን ከነፋሱ ይልቅ አብዝቶ የሚገድለው በውሃው ነው፤ ከባሕሩ ርቆ በጠንካራ ቤት ያለ ሰው ግን ነፋሱን ተጠልሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ አካባቢው በፖስታ መለያ ቁጥር፣ እዚህ ዚፕ ኮድ በሚባለው፣ በዞን ተከፋፈለ፦ መጀመሪያ የባሕሩ ጠርዝ፣ ቀጥሎ ኤ፣ ከዚያ ቢና ሲ። ሁሉም በተራው ይወጣል፤ ከዞኑ ውጭ ያለው ቤቱ ይቆያል። መኪና የሌላቸውና ሕሙማን አስቀድመው የሚመዘገቡበት መዝገብም ተዘጋጀ። በ2008 «አይክ» ጋልቨስተንን ሲመታ ሥርዓቱ ተፈተነ፤ የጠረፉ ነዋሪ እንዲወጣ ታዘዘ፣ አብዛኛው የሂዩስተን ሰው ግን እቤቱ እንዲቆይ ተነገረው፤ የሪታው ዓይነት መጨናነቅም አልተደገመም።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ተፈታ ማለት አይደለም። በ2017 «ሃርቪ» ሲመጣ ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ከተማዋ እንድትለቀቅ አላዘዙም፤ 6.5 ሚሊዮን ሰው መንገድ ላይ ማውጣት አይቻልም ነበር ምክንያታቸው። ዝናቡ ለቀናት ወርዶ ብዙ ሺህ ሰው በጀልባ ከየቤቱ ወጣ። ልክ ነበሩ አልነበሩም የሚለው ክርክር እዚህ አሁንም አላባራም። በ2021 ደግሞ «አይዳ» በፍጥነት ስለበረታች ኒው ኦርሊንስ ነዋሪዎቿን በሙሉ አስገድዳ ለማስወጣት ጊዜ አጠራት፤ መንገዶቹን ለወጪ ለመቀየር ብቻ 72 ሰዓት ያስፈልግ ነበር። የግንቦቹ ሥርዓት ያን ጊዜ ከተማዋን ጠበቃት፤ መብራት ግን ለቀናት ጠፋ፣ በየአፓርታማቸው የቀሩ አረጋውያንም ሞተው ተገኙ። በ2024 «ቤሪል» ሂዩስተንን ስትመታ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያለ መብራት ቀሩ፤ በሙቀቱ የሞቱም ነበሩ። እንግዲህ «ቆዩ» ማለትም ዕቅድ ይፈልጋል፦ መብራት፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ በር የሚያንኳኳ ሰው።

እኔ እዚህ የመጣሁት ከሪታ በኋላ ነው። ሆኖም በለቅሶ ቤትም በማኅበርም ስለዚያ ጉዞ ያልሰማሁበት ጊዜ የለም። «እኔ ሁለተኛ አልወጣም፤ ብሞትም ቤቴ ልሙት» የሚሉ እናቶች አሉ። ይህን ስሰማ እንደ ባለሙያ እሰጋለሁ፤ ያለ ተራው የወጣ ሕዝብ መንገዱን ይዘጋል፣ ተራው ሲደርስ እምቢ ያለ ደግሞ ውሃው ይወስደዋል። ለዚህ ነው ከየአንዱ ጋር ቁጭ ስል «የማማ ዞን የቱ ነው? ማን ነው የሚወስድዎት?» እያልኩ የምጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ ቤታቸው ከዞኑ ውጭ ሆኖ ይገኛል። ያኔ ወሬያችን ስለ መውጣት መሆኑ ቀርቶ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ስኳር መድኃኒት ይሆናል።

በፋኩልቲያችን ለምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልበል። አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ጉዳዩ ይመለከታታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል 72 ሰዓት አልሰጠም። ተማሪዎቻችን ድልድይና ግድብ ሲነድፉ አብረው ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፦ ውሃው ካለፈው ማን ይነሳል? በማን መኪና? ማን ይቆያል? የሚቆየውንስ በማግስቱ ማን ይጎበኘዋል?