የኅሊና እምቢተኛ፦ የደንብ ልብስ ለብሶ ኅሊናው የከለከለው ወታደር

የኅሊና እምቢተኛ የሚባለው፣ በሃይማኖቱ ወይም በጽኑ የሥነ ምግባር አቋሙ የተነሣ መሣሪያ አንሥቶ ሰው መግደል ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ «ኮንሸንሺየስ ኦብጀክተር» ይሉታል። «የኅሊና እስረኛ» ማለትን ስለለመድን «የኅሊና እምቢተኛ» የሚለውም አጠራር ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

አንድ የሀዋሳ ወጣት በሐሳባችን እንውሰድ። ወዶና ፈቅዶ መከላከያን ተቀላቀለ፤ ሠለጠነ፤ ማዕረግም አገኘ። ከጊዜ በኋላ ግን በጸሎቱ ወይም በዐይኑ ባየው ውጊያ ምክንያት ሰው መግደል ፈጽሞ አይገባም ብሎ አመነ። ሲመዘገብ አልዋሸም፤ ኅሊናው የነቃው በአገልግሎት ላይ ሳለ ነው።

ይህ ወታደር ኮብላይ አይደለም። ኮብላይ ለማንም ሳይናገር ይጠፋል፤ እሱ ግን አለቃው ፊት ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳል። ፈሪም ሊባል አይገባም። አሜሪካዊው ዴዝመንድ ዶስ ጠመንጃ አልይዝም ብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሕክምና ባለሙያነት ዘመተ፤ ኦኪናዋ ላይ በተኩስ መሀል ቁስለኞችን እየጎተተ በገመድ ከገደል አወረደ፤ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይም ተሸለመ። ዶስ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር።

በአገራችን ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ሲታወጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች የ6 ወር ሥልጠናና የ2 ዓመት አገልግሎት ግዴታ ተጣለባቸው። ቀበሌዎች ኮታ ተሰጣቸው፤ አፈሳ መጣ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። ከአፈሳው የሸሸ ሁሉ የኅሊና እምቢተኛ ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙው የሸሸው ሞትን ፈርቶ ወይም ሥርዓቱን ጠልቶ ነው። በጎረቤት ኤርትራ ደግሞ ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች ወጣቶች በእምነታቸው ምክንያት ውትድርናን እምቢ በማለታቸው ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. ክስ ሳይመሠረትባቸው 26 ዓመት ታስረዋል።

የኛ ሕገ መንግሥት ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 18 የግዴታ ሥራን ሲከለክል፣ ወታደራዊ አገልግሎት ለመስጠት ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠው አገልግሎት እንደ ግዴታ ሥራ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ዐውቋል ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳለፈው ውሳኔ በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደርም የኅሊና እምቢታ ሊያድርበት እንደሚችል ገልጿል። በአሜሪካ ጦር አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ወታደሩ ማመልከቻ ይጽፋል፤ የሃይማኖት አባትና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩታል፤ መርማሪ መኮንን ቅንነቱን ይመዝናል። አንድን ጦርነት ብቻ ሳይሆን ጦርነትን ሁሉ የሚቃወም መሆኑ ከታመነበት ይሰናበታል ወይም መሣሪያ ወደማይያዝበት ሥራ ይዛወራል።

ለኛም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ግልጽ መንገድ ነው። ኅሊናው የከለከለውን ወታደር በግድ ማዋጋት ለሠራዊቱም አይበጅም። እናንተም አንባቢዎች እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ቢገጥማችሁ፣ «ከሃዲ» ከማለታችሁ በፊት ምክንያቱን አድምጡት።