አሠልጣኝ ሲመረጥ መውጫውን ማየት

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ ውስጥ በሙያ አማካሪነት ተጋብዤ ያየሁት ነገር ነው። ጉዳዩ ለሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት መምረጥ ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቧል፤ ዋጋ ተነጻጽሯል፤ የአሠልጣኞቹ ዲግሪ ተቆጥሯል፤ የአዳራሽ ኪራይና የሠልጣኞች አበል ሳይቀር ተሰልቷል። ሠራተኛው ዛሬ የማይችለውን የትኛውን ሥራ ከሥልጠናው በኋላ ብቻውን ሊሠራ እንደሚችል የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም ብሆን ጥያቄው የታወሰኝ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ይህች አገር በአንድ ወቅት ይህንኑ ጥያቄ ጠይቃ፣ መልሱን በትዕግሥት የጠበቀችበት ታሪክ ስላላት እርሱን ማንሳት ወደድሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑ 1945 ነው። ጣሊያን ከተባረረ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በ1942 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት በአገሪቱ አስተዳደር ላይ ለእንግሊዞች ሰፊ ሥልጣን የሰጠ ሲሆን፣ የአየር በረራውም ጉዳይ ከእጃቸው አልወጣም ነበር። በታኅሣሥ 1944 የተፈረመው አዲስ ስምምነት ማሰሪያውን አላላው። ንጉሠ ነገሥቱ በየካቲት 1945 ግብፅ ውስጥ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ፤ በመስከረም ወር ደግሞ መንግሥታቸው ቲ ደብሊው ኤ በሚል ስም ከታወቀው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተፈራረመ። እንግሊዝ የራሷ አየር መንገድ እያላት ምርጫው ወደ አትላንቲክ ማዶ መሻገሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በአገርህ ላይ ፖለቲካዊ የበላይነት ያለው ወገን አሠልጣኝህም ከሆነ፣ ትምህርትህን ፈጽመህ ራስህን እንድትችል የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ተቋቋመ፤ በሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ስሙም የኢትዮጵያ ስም ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ አብራሪዎቹና ዋነኞቹ ቴክኒሻኖች ግን አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያ ቀን አውሮፕላኑን ያየ ሰው «ይህ የማን ድርጅት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ ቀስ እያለ መጣ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ1970 ውሉ ሲታደስ የአሜሪካው ኩባንያ ድርሻ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1975 ውሉ አከተመ፤ አሠልጣኙ ወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፣ ባለቤትነቱ ለአሠልጣኙ ተላልፎ አልተሰጠም። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ በጥቂት ግለሰቦች ጭንቅላት ብቻ አልቀረም፤ ተተኪን የሚያፈራ ተቋም ሆነ፤ ኋላም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን እስከ ማስተማር ደረሰ። ሦስተኛ፣ የእንግዳው ድርሻ በየደረጃው እየቀነሰ ሄደ። በአንጻሩ ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም። ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን 11 ዓመት፣ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ 25 ዓመት ማለፉ አጭር ጊዜ አይደለም። በማስተዳደሩ የሚከፈለው ኩባንያ ተተኪው ቶሎ እንዲበቃ አይጣደፍም፤ ሊያጣድፈው የሚገባው ቀጣሪው ነው።

የሥልጠና ፈተናው የሚመጣው አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ነው። አየር መንገዱ ውሉ ባበቃ ጊዜ አገሪቱ በአብዮት ማዕበል ውስጥ ነበረች። ቢሆንም በ1984፣ ደርግ በሶሻሊስቱ ጎራ ተሰልፎ ሳለ፣ ይኸው ድርጅት ከአሜሪካው ቦይንግ የገዛውን 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ያለ ማረፊያ አብርሮ አመጣ። በዚያ የፖለቲካ አየር ውስጥ ይህን ውሳኔ አስቦ የሚሟገትለትና የሚፈጽመው ባለሙያ ባይኖር ኖሮ፣ ድርጅቱ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የመንግሥት ድርጅቶች በተዳከመ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህንኑ ሚዛን ለቅርቡ ዘመንም ልናውለው እንችላለን። በ2010 የቴሌኮም አገልግሎታችን አስተዳደር ለፈረንሳይ ቴሌኮም የተሰጠው ለሁለት ዓመት ነበር። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት ያህል ካንቀሳቀሱ በኋላ በ2024 አስረክበዋል። ሠላሳ፣ ሁለት፣ ስድስት፤ የዓመቱ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው እንግዳው ሲወጣ ብልሽትን የሚጠግነው፣ ጠጋኙንም የሚያሠለጥነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴ ላይ ለምትቀመጡ አንባብያን ያለኝ ምክር አጭር ነው። ከዋጋው አስቀድማችሁ፣ የእናንተው ሠራተኛ ያለ ረዳት የሚሠራውን ሥራና ቀኑን በውሉ ላይ አስጽፉ። ከሠልጣኞቹ መካከል ነገ አሠልጣኝ የሚሆነውን አሁኑኑ ለዩ። የክፍያውንም ጉልህ ክፍል ሥራው በተግባር እስኪታይ አቆዩት። በዚህ መስፈርት እንደኔ ያለው ከመድረክ ወደ መድረክ የሚዘዋወር መምህር ጥቂት የአሠልጣኝነት ግብዣ ይቀርበት ይሆናል፤ ይቅርበት። በየዓመቱ ለዚያው ሠራተኛ ያንኑ ሥልጠና እየደገመ የሚከፈለው አሠልጣኝ፣ ሥራው እንዳይፈጸም ክፍያ እየተቀበለ ነውና።